የሞተው ዘፋኝ በየኔታ ግቢ

ሰኞ፣ ነሐሴ 5

ዛሬም መኪና የለም። ከዳባት ወዲያ ተዘግቷል ይላሉ። ማን እንደዘጋው አልጽፍም። እኔን ግን ደባርቅ ላይ ቆልፎኛል። አስጎብኚ ነበርኩ፤ ስንቱን ፈረንጅ ይዤ ተራራው ላይ እስከ ጨነቅ ሰፈር ወጥቻለሁ። አሁን ፈረንጅም የለ፣ ሥራም የለ። የቀረኝ ያ የሞተው ሮክ ዘፋኝ ነው፤ ፀጉሩን ቅባት የሚቀባው፣ ወገቡን የሚያውረገርገው። እንግሊዝኛ የተማርኩት ከሱ ነው፤ ለፈረንጆቹም የሱን ዘፈን እዘፍንላቸው ነበር።

የጎንደሩ ሆቴል ሥራ አስኪያጅ ደወለ። መምጣት ካልቻልክ የዚያን ዘፋኝህን አንድ ዘፈን ዘፍነህ እስከ ዓርብ ላክልኝ፣ ከወደድኩት የእንቁጣጣሽን ዋዜማ አንተ ትሠራለህ አለ። ካልሆነ ሌላ ሰው አለው።

በፍልሰታ ጾም። ያውም የኔታ ቤት ተጠግቼ።

ማክሰኞ

የኔታ የእናቴ ወንድም፣ የዜማ መምህር ናቸው። ድጓ ጀምሬ ጥዬ የወጣሁትም ከሳቸው ነው። በጾም ግቢያቸው ውስጥ ዘፈን ቀርቶ ፉጨት የለም።

ሜዳ ልውጣ ብል ዝናብ። ፑል ቤት ገባሁ። ጎረምሶቹ ወዲያው ጀመሩኝ፦ "ፈረንጁ፣ እስቲ ወገብህን አሳየን።" አንዱማ፣ ሰውየው ሲሞት አባትህ መቼ አግብቶ፣ ምን አገናኛችሁ አለኝ። ያንተ ዘፋኝ በቁሙ ተረስቷል አልኩት። ሳቁብኝ። ዘፈኑን ስከፍተው ግን ጨዋታውን ትተው ቆሙ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው። ጨነቅ መንገድ ላይ እንግሊዝኛ የማያውቅ ጭነኛ እንኳ በቅሎውን አቁሞ ይሰማዋል። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ረቡዕ

የኔታ ለቅዳሴ ሲወጡ ጠብቄ ማድቤት ውስጥ ዘፈኑን በስልኬ ቀዳሁ። አስቀያሚ። ደገምኩ፣ ባሰ። ጎረቤቷ ሰምታ ነገረቻቸው። ማታ ሳያዩኝ አልፈው ወደ ክፍላቸው ገቡ። ቢቆጡኝ፣ ቢመቱኝ ይሻል ነበር። ቢያስወጡኝ የት ልገባ? ወደ ጎንደር ዝግ። በወዲያኛው በኩል ወደ ዛሪማ ብወርድ ማን አለኝ?

ሐሙስ

የኔታ ጠሩኝ። ልብሴን ሰብስቤ ነበር የገባሁት።

"ሰውየውን አሰማኝ" አሉ።

ጾም ነው እኮ የኔታ አልኳቸው።

"ጾሙን አንተ ልትነግረኝ ነው?"

ሰውየው መዝሙርም አለው፤ በልጅነቱ በአገሩ ቤተ ክርስቲያን የለመደው። እሱን ከፈትኩ። ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ድገመው አሉ። ደገምኩት። አሁን አንተ በለው አሉ። አልኩት።

"እሱ ይለምናል፤ አንተ ትጮሃለህ" አሉኝ። "ሰው እንዲያይህ ነው የምትጮኸው። እንደገና።"

መሬት ላይ አስቀመጡኝ፣ እንደ ድሮው። በመዳፋቸው ጉልበታቸውን እየመቱ፣ ስሳሳት እየመለሱኝ። ተናደድኩ። በመጨረሻ ወገቤን ሳላነቃንቅ ዘለቅኩት። "ደህና" አሉና ተነሡ። ከሳቸው አፍ ይህን ሰምቼ አላውቅም።

ዓርብ

መዝሙሩን ቀዳሁት፣ የኔታ ፊት። ኔትወርክ ስጠብቅ ዋልኩ። ሲመሽ ሄደ። ሥራ አስኪያጁ የጠየቀኝ ጭፈራ ነው፣ እኔ የላክሁት ልመና። አብጃለሁ።

ቅዳሜ

ሥራ አስኪያጁ ደወለ። ሰው ሊጨፍር ነው የሚመጣው፣ ይሄ ምንድነው ብሎ ተቆጣ። ስልኩን ሊዘጋው ነው ስል፣ እናቱ ከጓዳ ሰምታ ማነው ይሄ ብላ እንደወጣች ነገረኝ። መክፈቻው ላይ ይህን ትላለህ፣ ጭፈራው ከዚያ ይቀጥላል፣ መንገዱ እንደተከፈተ ና አለኝ።

ድምፄ ጎንደር ገብቷል። እኔ ደባርቅ ጭቃ ውስጥ ነኝ። መናኸሪያ ወርጄ ጠየቅሁ፤ ሰኞ ሳይከፈት አይቀርም አለኝ አንዱ ረዳት። ባለፈው ሳምንትም ሰኞ ነበር ያለኝ።