ካፒቴኑ ከመርከብ የወረዱባቸው ቀናት

በሰፈሩ ሰው ዘንድ «ካፒቴኑ» በመባል የሚታወቁት አባት፣ ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1931 ዓ.ም. ተወለዱ። ለእናታቸው አንድ ነበሩ። ስምንተኛ ክፍልን እንደጨረሱ የአባታቸው መጋዝ አልሆንላቸው ቢል፣ በ1950 ዓ.ም. በጭነት መርከብ ተቀጠሩ። እውነቱ ይጻፍ ከተባለ ካፒቴን ሆነው አያውቁም። ሥራቸው ከታች ሞተር ክፍል ማሽኖችን ዘይት ማጠጣት ነበር። ሰፈሩ ሲሾማቸው ግን አንድ ቀን «ኧረ አይደለሁም» አላሉም፤ በነጻ የመጣ ሹመት ማን ይጠላል።

በ1955 ዓ.ም. ከአንዲት የአንደኛ ደረጃ መምህርት ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ። ሲሚንቶ፣ ስንዴና ግንድ በጫኑ መርከቦች ሦስት ውቅያኖሶችን አቋርጠዋል። በሠላሳ ስምንት የሥራ ዓመታት ቤታቸው ያደሩት ተደምሮ አራት ዓመት አይሞላም። መምህርቷ የካፒቴኑን ኩባያ ማንም ሳይጠጣበት በየሳምንቱ ያጥቡት ነበር።

በ1965 ዓ.ም. ወንድ ልጃቸው በስድስት ዓመቱ በሳንባ ምች ሞተ። እናት በመርከብ ድርጅቱ በኩል ቴሌግራም ላኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ በካፒቴኑ እጅ የተጻፈ ደብዳቤ መጣ፤ «ውቅያኖስ መሀል ነን፣ መምጫ የለኝም» ይላል። እናት ሊያጽናና ለመጣው ሁሉ እያነበቡ «ምን ያድርግ፣ ከባሕር ላይ በእግሩ አይመጣ» ይሉ ነበር። ካፒቴኑ በ1988 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡ፣ የሚጠብቁት መርከብ ስላልነበረ ቤታቸው ገቡ። ባለቤታቸው በ2003 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ያንኑ ቃል ሲደጋግሙ፣ ካፒቴኑ አጠገባቸው ተቀምጠው ይሰሙ ነበር።

ባለፈው ዓመት ኩላሊታቸውን ታመው ሆስፒታል ሲገቡ፣ የበኩር ልጃቸው መታወቂያቸውን ስትፈልግ የመርከበኛ ደብተራቸውን አገኘች። የተሳፈሩበትና የወረዱበት ቀን ሁሉ በማኅተም ሰፍሯል። ወንድሟ በሞተበት ቀን አባቷ ከመርከብ ከወረዱ አርባ ሦስት ቀን ሆኗቸው ነበር። የወረዱበት ወደብ ደግሞ ከቤት በባቡር የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ቀኑን ስታመሳክር፣ ወርደው ቤት ያልመጡበት ጊዜ አንድ አይደለም፤ ዘጠኝ ነው።

ማንም እንደሚያስበው ያሰበችው ሌላ ሚስት፣ ሌላ ቤት ነው። በባቡር ሄዳ ወደቡ አጠገብ ያለውን የመርከበኞች ማረፊያ አፈላልጋ አገኘች። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው የማረፊያው ባለቤት ግን «እሳቸው? ሰው አይመጣባቸው፣ ሰው ዘንድ አይሄዱ። መስኮቱ ጋ ቁጭ ብለው የሚቀጥለውን መርከብ ይጠብቁ ነበር፣ ልጄ» አሏት። ሌላ ሚስት ብትኖር ይሻላት ነበር፤ ቢያንስ የምትረግማት ሴት ታገኝ ነበር።

ተመልሳ ደብተሩን አልጋቸው ላይ ዘረጋችው። ካፒቴኑ አልካዱም። «አራት ዓመትሽ ነበር» አሏት። «ኩባያዬን ይዤ ከናንተ ጋር ተቀምጬ ሳለሁ፣ እናትሽን ‹ይሄ ሰውዬ መቼ ነው የሚሄደው?› አልሻት። እናትሽ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ወደቡ ላይ ስወርድ እግሬ ወደ ባቡሩ እንቢ ይለኝ ጀመር።»

የአራት ዓመት ሕፃን ቃል ሃያ ስምንት ዓመት ቂም ይያዝበታል ወይ? የገዛ ልጅን ቀብርስ ያስቀራል ወይ? ልጃቸው ያን ቀን ደብተሩን አጥፋ ወጣች። በማግስቱ የምትለውን አዘጋጅታ ስትመጣ ራሳቸውን ስተው አገኘቻቸው። ስለዚህ ሳይሰሙት የቀረውን ቃሏን እዚህ የሕይወት ታሪካቸው ላይ ጻፈችው።

ካፒቴኑ መጋቢት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ85 ዓመታቸው ዐረፉ። ሁለት ሴት ልጆችና አምስት የልጅ ልጆች አሏቸው። የሚያርፉት መምህርቷ በሕይወት ሳሉ ባስጠበቁላቸው ቦታ፣ ከወንድ ልጃቸው ጎን ነው። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከደከሙበት ባሕር ሁሉ ያሳርፍ። ልጁ ሃምሳ አንድ ዓመት ጠብቋቸዋል፤ መቼ እንደሚሄዱም አይጠይቃቸውም።