የምስማር ሱሪ

ሰኞ፣ የካቲት 3

ለሚመለከተው ሁሉ! ዛሬ ጠዋት ከቁርስ በኋላ የዚህ ቤት አንጋፋ ልብስ ሰፊ፣ ማለትም እኔ፣ የሸሚዙ ቁልፍ ስለወለቀ ቦታው ለዘለቄታው በመርፌ ቁልፍ እንዲያዝ ወስኗል። ውሳኔው ከዛሬ ጀምሮ የጸና ይሆናል። ተቃውሞ ያለው… ሳሎኑ ውስጥ ከድመቷ በቀር ማንም አልነበረም። እሷም ተኝታለች።

ልጄ ከሥራ ስትመለስ አየችው።

"አባዬ፣ ዕድሜህን ሙሉ የሰው ቁልፍ ስትተክል ኖረህ?"

"ሥራ ፈት ነኛ።"

"ፈትታህ ነው ወይስ ፈተሃት?"

ጥሩ ጥያቄ። ሚስቴን፣ ነፍሷን ይማርና፣ ለመፍታት አስቤ እንኳ አላውቅም። ሥራን ግን ፈታኋት። የንብረት ክፍፍሉም አልቋል። የስፌት መኪናዬ ቴሌቪዥኑን ተሸክማ ቆማለች፤ ለእኔ ሶፋው ደረሰኝ።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ዝናብ። ተኛሁ። ተነሳሁ። መተኛቴ ትክክል እንደነበር አጣራሁና ተመልሼ ተኛሁ።

ዓርብ፣ የካቲት 7

ጎረቤታችን ዘበኛው መጣ። ስንት ወር ታሞ ተኝቶ ገና አሁን መነሳቱ ነው። ከስቶ ከስቶ… "ምስማር" ብዬዋለሁ። ቅር አላለውም፤ "መዶሻ እስካልመጣ ድረስ ደግ ነው" ይላል። የደንብ ልብሱን ለብሶ፣ ሱሪውን በአንድ እጁ ይዞ ነው ሰላም ያለኝ።

"አባቴ፣ ሰኞ ሥራ ልገባ ነው። አለቃዬ ሱሪህ እየወረደ በር ላይ እንዳላይህ፣ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ ብሎኛል።"

"መንገድ ዳር ያለው ሰፊስ?"

"የሠርግ ልብስ ይዟል። ከሳምንት በኋላ ና አለኝ።"

ምን ብዬ መለስኩለት? ስብከት! ልብስ ስፌት የኃጢአት ልጅ ነው አልኩት። አዳም ባይበድል አያፍርም፤ ባያፍር ቅጠል አይሰፋም፤ ቅጠል ባይሰፋ እኔም የለሁም። ስለዚህ መርፌ መጣሌ ንስሐ ነው…

ሳቀ። "የመጀመሪያው ዘበኛም አዳም ነው እኮ አባቴ! ገነትን ያበጃትና ይጠብቃት ዘንድ ነው የተቀጠረው፣ ያውም ገና ሳይበድል። እባቡን መታወቂያ ሳይጠይቅ አሳለፈና ተባረረ።"

እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሊሄድ ተነሳ። በአንድ እጁ ምርኩዙን፣ በአንድ እጁ ሱሪውን… በሩን የሚዘጋበት እጅ አልቀረውም። ክፍቱን ትቶት ሄደ።

ብርድ ገባ። ብርድ ነው ግን የተሰማኝ?

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

የልጅ ልጄ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪዋ፣ ስብከቴን ሰምታለች። ማን ነገራት? ራሴ። ጥሩ ቀልድ አላሳድርም።

"አባባ፣ ምዕራፉን ሳትጨርስ ነው የዘጋኸው።"

"እንቅልፍ መጣብኛ።"

"ቅጠሉን አዳምና ሔዋን ሰፉ። ከገነት ሲወጡ የለበሱትንስ ማን አዘጋጀው?"

ሻዬን አማሰልኩ…

"እግዚአብሔር ራሱ! የቁርበት ልብስ አደረገላቸው፣ አለበሳቸውም ይላል። አጥፍተዋል፣ ሊያስወጣቸው ነው፤ ዕራቁታቸውን ግን አልሰደዳቸውም።"

"ልክ ሳይወስድ?" አልኳት፣ ለማምለጥ።

"አባባ!"

"እሺ፣ የኔ ሰባኪ…"

ሻዬ ቀዘቀዘ። እኔ ለሆዴ ስሰፋ የኖርኩ መስሎኝ… ለካ የሰው ገመና ስሸፍን ነው የኖርኩት። የዚያን ጌታ ሥራ፣ በተለማማጅነት። አለቃው ማን እንደሆነ ሳያውቅ የሚሸብት ተለማማጅ! እኔ ብሆን በሜትር እየገረፍኩ ነበር የማባርረው።

ምስማር ደግሞ ከነገ ወዲያ…

መርፌዬን የት ነው ያኖርኩት?

እሑድ፣ የካቲት 9

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምስማርን አስጠራሁት።

"በሰንበት?" አለች ልጄ።

"በሬው ጉድጓድ ገብቷል" አልኳት፤ በሰንበትም ቢሆን ይወጣል እንደተባለው።

"በሬው እኔ ነኝ? በዚህ ክሳቴ?" አለ ምስማር።

መኪናዋ ቴሌቪዥን ተሸክማለችና በእጄ ሰፋሁ። ወገቡን ከኋላ ተረተርኩ፣ አጠበብኩ፣ ሰፋሁ። ጨርሼ ልነሳ ስል… እምቢ! የምስማርን ሱሪ ጭኔ ላይ አድርጌ ስሰፋ ከራሴ ሱሪ ጋር ሰፍቼዋለሁ። ልጄ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። የልጅ ልጄ "አባባ፣ አንድ ሥጋ ሆናችኋል" አለች። ተረተርን፣ እንደገና ሰፋን።

ሰኞ፣ የካቲት 10

ጠዋት በመስኮት አየሁት። ምርኩዙን ቤት ትቶ፣ ሁለት እጁን እያወዛወዘ ሄደ። ሁለቱንም!

ከሥራ ሲመለስ በራችንን አንኳኳ። አለቃው ከላይ እስከ ታች አይቶት "በል፣ ያዝ" ብሎታል።

"በሩን ነው ያዝ ያለኝ አባቴ፤ ሱሪዬን አይደለም!"

ሐሙስ፣ የካቲት 13

ቴሌቪዥኑ ወለል ላይ ወርዷል። መኪናዋን ዘይት ቀባኋት። ታረቅን። ሽማግሌ አላስፈለገንም፤ ሽማግሌው እኔው ነኝ። የጎረቤት ልብስ ወንበሩ ላይ ተከምሯል፤ ድመቷ የምትተኛበት አጥታ ተቆጥታለች። ልጄ ወደ ሥራ ስትወጣ ክር የገባባቸው መርፌዎች መጋረጃው ላይ ሰክታልኝ ትሄዳለች።

አንድ ነገር ላርም። ይህን ከእኔ በቀር የሚያነበው የለም፤ ራስን መዋሸት ደግሞ የሥራ ፈት ሥራ ነው። እሑድ ዕለት ሱሪን ከሱሪ አልሰፋሁም። ፈጠራ ነው። የአንድ ሥጋው ቀልድም የራሴው ነው። የሆነው ሌላ ነው… ክሩን በመርፌው ዓይን ማስገባት አቃተኝ። ምራቅ ቀባሁት፣ ወደ መስኮቱ ዞርኩ፣ መብራቱን ረገምኩ… ማንም አልሳቀም። ምስማር ብርድ ልብስ አገልድሞ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። መርፌውን ከእጄ ወሰደ፣ ክሩን አሾለከና መለሰልኝ።

"በር መክፈት የእኔ ሥራ ነው አባቴ" አለ። "እርስዎ ይግቡ።"