ኤሊጂዮ ስለ ዓይኑ የነገረኝ

ሳን ፔድሮ ደ ማኮሪስ
ሰኞ፣ ጃንዋሪ 14

ለምወድህ ልጄ ለራዳሜስ፣

የሞንቴሬይ ብርድ እንዴት ይዞሃል? እኛ ደህና ነን ልልህ ነበር፤ ግን ትናንት ያልጠበቅኩት ነገር ሰማሁ። ቁጭ ብለህ አንብበው።

ትናንት ወንድምህ ኤሊጂዮ ምሳ ሊበላ መጣ። ማንጉውን፣ የሙዝ ገንፎውን፣ እያቀረብኩለት ሬዲዮው የቤዝቦል ጨዋታ ያስተላልፋል። «ወርዋሪው መቺውን በኳሷ ፊቱ ላይ አገኘው!» ሲሉ ሮጬ ዘጋሁት። ያ አንተ ኳስ ወርዋሪ፣ እሱ በዱላ መቺ ሆናችሁ፣ ኳስህ ዓይኑን ያገኘችበት የተረገመ ቀን መጣብኝ።

«ክፈችው እማዬ» አለኝ። «እኔ እኮ ኳሷ ሳታገኘኝም በግራ ዓይኔ በደንብ አላይም ነበር።»

ማንኪያውን አስቀመጥኩ።

«ምን አልክ አንተ?»

«ዓመቱን ሙሉ ሲደበዝዝብኝ ነበር። ክለቡ ከሰማ ያባርረኛል ብዬ ደበቅኩ። ሌላ ሰው ቢሆን ጎንበስ ይል ነበር፤ እኔ ስትመጣ አላየኋትም። ራዳሜስ ምንም አላጠፋም።»

አስበው! በአሥራ ሰባት ዓመቱ ለክለብ ፈርሞ አሜሪካ የገባ፣ ስንት ዓመት በየትንሹ ከተማ በአውቶቡስ ተንከራቶ አንድ በጋ በትልቁ ሊግ የተጫወተ፣ ከዚያ ለከተማችን ክለብ የኋላውን ሜዳ የጠበቀ ልጅ፣ ሥራው በዚያች ኳስ አለቀ ብለን ስናለቅስ ኖረናል። አንተም አገር ጥለህ ሄድክ። በጥፊ ልለው ተነሳሁ።

«ታዲያ ለምን አልነገርከውም?» ብዬ ጮህኩበት።

«ስልኬን መቼ አንስቶ ያውቃል?» አለና አቀርቅሮ መብላቱን ቀጠለ።

ከሄደ በኋላ ሳህኑን ሳጥብ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አደጋው ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው፣ ወንድምህ ወደ ሜዳው አጥር ሮጦ፣ ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ፣ ከኋላው በትከሻው ላይ የመጣችውን ኳስ ሲቀልባት እዚያው ነበርኩ። ስታዲየሙ በጩኸት ተናወጠ። ዓይኑ የደበዘዘበት ሰው እንዲያ ይቀልባል? እኔ እንጃ። ወንድምህ ደግሞ ሲዋሽ ከልጅነቱ ጀምሮ ቀና ብሎ አያይም።

ዛሬ ጠዋት ልጽፍልህ መሆኑን ስነግረው፣ «ሁሉንም ጻፊለት እማዬ፣ አንድም ሳታስቀሪ» አለኝ። ደጋግሞ።

እውነት ይሁን ላንተ ሲል የፈጠረው፣ አልጠየቅኩትም። አንተም እንዳትጠይቀው። ብቻ ና።

የአልታግራሲያዋ እመቤታችን መንገድህን ታቅናልህ፤ እጆችህንም ትባርክልህ።

እናትህ ኢሲድራ