ጽጌረዳና የአመድ ውኃ

ጥቅምት 9፣ 2008 ዓ.ም.
የኦንላይን ኮርሱን ሦስተኛ ፈተና ዘጠና ሁለት አመጣሁ። አልተፈተንኩም።

ላንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ፣ ማስታወሻዬ። የሳይንስ መምህራን ሁሉ እንድንወስደው ታዟል። ሃያ ዓመት ኬሚስትሪ አስተምሬ ማውስ መያዝ አቃተኝ። ፓስወርዴን በብጣሽ ወረቀት ጽፌ ከመናኸሪያው ጀርባ ላለው ኢንተርኔት ቤት ሰጠሁ። ያልሰጠ መምህር የለም። እዚያ የምትሠራው አስካለች ትሞላልናለች። ሌሎቹ መልሱን ራሳቸው ጽፈው ይሰጧታል። እኔ እሱንም ትቼላታለሁ።

ጥቅምት 14
አስካለች ተማሪዬ ነበረች። ዐሥረኛ ክፍል። ዛሬ ነው ያወቅኋት፤ ያውም እሷ አስታውሳኝ። እየሳቀች፦ «ቲቸር፣ ረሱኝ እንዴ? ‹ኬሚስትሪ ላንቺ አይሆንም፣ ባል ፈልጊ› ያሉኝ እኮ ነኝ።» ወረፋ የያዙት ሳቁ። አብሬ ሳቅሁ። ማትሪክ ወድቃ እዚያው ቀረች። ባልም አላገባችም።

ጥቅምት 20
የኮርሱ የተግባር ሥራ፦ በአካባቢ በሚገኝ ነገር ሙከራ ሠርቶ ፎቶ መላክ። የቤተ ሙከራችን ቁልፍ ከጠፋ ቆይቷል። እሱን ሰበብ አድርጌ ተኛሁ። እሷ ሠርታ በስሜ ልካለች። ዛሬ ርእሰ መምህሩ አስጠርቶ ጨበጠኝ። ሥራዬ በዞን ደረጃ ተወዷል፤ ደካ ከተማ ሄጄ ለወረዳው መምህራን አሳያለሁ። አመሰገንኩ። ምን እንደማሳይ አላውቅም።

ጥቅምት 21፣ ከሰዓት
ሄጄ አሳዪኝ አልኳት። ቃሉ አፌ ውስጥ ከበደ። የቀይ ጽጌረዳ አበባ ቀቅላ ውኃውን በሦስት የሻይ ብርጭቆ ቀዳች። አንዱ ላይ ሎሚ ጨመቀች፤ ደም መሰለ። አንዱ ላይ የአመድ ውኃ፤ አረንጓዴ ሆነ። ሦስተኛውን ለማነጻጸሪያ ተወችው። ከየት ተማርሽው ብላት ኔትወርክ እስኪመለስ ያወረድኩትን የእርስዎን ኮርስ ሳነብ ነው የምውለው አለች። ከዚያ ጠየቀችኝ፤ አመዱ ለምን አረንጓዴ አደረገው? ቤዝ ስለሆነ አልኩ።

«ጎበዝ። ይቀመጡ» አለች፣ በኔ ድምፅ።

እኔ አሲድና ቤዝን ሃያ ዓመት በጠመኔ ብቻ አስተማርኩ። ለአንድ ተማሪ እንኳ ቀለም ሲለወጥ አላሳየሁም።

ብርጭቆዎቹን እያጠበች ማትሪኩን በግል መድገም እንዳሰበች ነገረችኝ። ሌላው አያስፈራትም። የኬሚስትሪ ጥያቄ ስታነብ ግን ያልኳት ነገር ይመጣባታል። ይህን ስትል አልሳቀችም። ይቅርታ ማለት ነበረብኝ። ስለ ደካ መንገድ አወራሁ።

ጥቅምት 25፣ 4 ሰዓት
ት/ጽ/ቤቱ ኮሪደር ነኝ፤ ጉልበቴ ላይ ነው የምጽፍልህ። የደካውን ደብዳቤ ልወስድ መጥቼ። ጸሐፊዋ አሳየችኝ፦ «ሙከራውን ያፈለቁት መ/ር» ይልና ስሜ። ማኅተም ብቻ ቀርቶታል። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ይቀመጡ አለችኝ። ተቀመጥኩ።

ፊት ለፊቴ ሰሌዳው ላይ ማስታወቂያ አለ። የግል ተፈታኞች ምዝገባ፤ ነገ ያበቃል። አራት ጊዜ አነበብኩት።

ኃላፊው ገቡ። የማኅተሙ ድምፅ ተሰማኝ። «ጋሼ፣ አልቋል፣ ይውሰዱ!» እያለች ነው።

ደብዳቤው እዚያው ይቅር። መጀመሪያ አስካለችን አምጥቼ አስመዘግባለሁ። ከዚያ እሷ ባለችበት ሙከራው የማን እንደሆነ፣ ፈተናውንም ማን እንደተፈተነ ለኃላፊው እነግራለሁ። እሷ አጠገቤ ከሌለች ወኔዬን አላምነውም።

ደግማ ጠራችኝ። ደረጃው ላይ ነኝ፤ ወደ አስካለች እየወረድኩ ነው።