መጽሐፍ ጠባቂነትን ከማን ልማር?

ሰኞ፣ ጥር 15 ቀን 1931፣ ደሴ

እስከ ቅዳሜ ቁርጤን መናገር አለብኝ። መጽሐፍ ጠባቂ እንደምሆን ታውቋል፤ ያልታወቀው ከማን እንደምማር ነው። ሦስት በር ተከፍቶልኛል። ለእኔ ቢጤ ወላዋይ አንድ በር ይበቃ ነበር።

አንደኛ፦ አባ ወልዴ፣ የእናቴ ወንድም። እዚሁ ደሴ የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ጠባቂ ናቸው።

ሁለተኛ፦ ሸህ እንድሪስ፣ የሟቹ አባቴ ወንድም። ኮምቦልቻ ናቸው፤ ሁለት ሣጥን ሙሉ መጽሐፍ አላቸው።

ሦስተኛ፦ የጣሊያኖቹ ቢሮ። አንድ ያገር ልጅ ለስድስት ወር አስመራ ልኮ መጽሐፍ አጠባበቅ ሊያስተምር ነው አሉ። ምዝገባው ቅዳሜ ቀትር ላይ ያበቃል።

ፊደሉን ከአባ፣ ቁርአኑን ከሸህ ስለተማርኩ ሁለቱም «ይመር የኔ ነው» ይላሉ። አንዱን ብመርጥ ሌላው ይቀየመኛል። እነሱ ራሳቸው ከተያዩ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል። በሃይማኖት ተጣልተው ነው ይባላል፤ ደፍሮ የጠየቀ የለም።

እማዬ ደግሞ «መጽሐፍ እግር የለው፣ ምኑ ነው የሚጠበቀው?» አለችኝ።

ማክሰኞ፣ ጥር 16

ቢሮው ሄድኩ። አስተርጓሚው፣ ካኪ ለባሽ ጉረኛ፣ ክፍሉን ከፍቶ አሳየኝ። የመስታወት ቁም ሣጥን፣ ትልቅ ቁልፍ፣ አርባ መጽሐፍ። ደስ ብሎኝ አንድ በአንድ አየኋቸው። አርባውም ያው አንዱ መጽሐፍ ናቸው።

«የምንደረድረው በቁመት ነው» አለኝ ኮራ ብሎ። አርባውም እኩል ናቸው።

ስድስት ወር ምን እንደሚማሩ ጠየቅኩት። አቧራ ማራገፍ፣ በር ላይ መቆም፣ ሹም ሲመጣ ሰላምታ መስጠት። «ማን ይዋሳቸዋል?» ስለው እንደ ሞኝ አየኝ።

ግን ጫማ ይሰጣሉ። ይህን ደብተር ማንም አያነበውምና እውነቱን ልጻፍ፤ ጫማውን ሳይ ልቤ ሸፈተ። ከዚያ አባቴን ማን እንደገደለብኝ ትዝ አለኝና አፈርኩ።

ረቡዕ፣ ጥር 17

አባ ዕቃ ቤቱን አሳዩኝ። መጻሕፍቱ በየቆዳ ማኅደራቸው ሆነው ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል። አባ ዓይናቸውን ጨፍነው እየዳሰሱ የእያንዳንዱን ስም ነገሩኝ። አንዱን ተሳሳቱ።

«ለሰው ሲያውሱስ?» አልኳቸው።

«በግዝት ነዋ። ያልመለሰ ይረገማል።»

ይህን ብለው በሩን ዘጉና ከሣጥን ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። የዐረብኛ መጽሐፍ፣ የከዋክብት ሥዕል ያለበት። ግማሹ በቅቤ ርሷል።

«የሸህ እንድሪስ ነው» አሉ በሹክሹክታ። «ሥዕሉን ልይ ብዬ ተውሼ ቅቤ ደፋሁበት። በምን ዓይኔ ልያቸው? ለሰው ትንፍሽ ብትል ገዝቼሃለሁ!»

ሰባት ዓመት! እኛ የሃይማኖት ጠብ ስንል ለካ ቅቤ ኖሯል።

ሐሙስ፣ ጥር 18፣ ኮምቦልቻ

በካሚዮን ወረድኩ፣ የጨው ጆንያ ላይ ተቀምጬ። ወገቤ የኔ አይደለም።

ሸህ «አብሽር ልጄ፣ እንኳን መጣህልኝ!» ብለው ተቀበሉኝ። ቁርአኑ ለብቻው ከፍ ብሎ ተቀምጧል፤ ከሱ በላይ ምንም አይደረግም። የቀሩት መጻሕፍት ይወጣሉ፣ ይገባሉ። «ለለመነኝ ሁሉ እሰጣለሁ። ለማን እንደሰጠሁ አሏህ ነው የሚያውቅ» አሉኝ። ይህ መጠበቅ ነው ወይ ልል ነበር፤ ምሳ ቀረበና ተውኩት።

ከምሳ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። አንድ ብራና አመጡ፤ የአባ ወልዴ የመድኃኒት መጽሐፍ ነው። ዳሩን አይጥ በልቶታል፤ ሁለት ቅጠል ጨርሶ የለም።

«በግዝት ነው ያዋሱኝ። እንዴት አድርጌ ላሳያቸው? ለማንም አልናገርም በል፤ ወላሂ በል!»

ወላሂ አልኩ። ምን ልበል?

ዓርብ፣ ጥር 19

አፌ በሁለት ሃይማኖት ተቆልፏል። ብናገር በአንዱ እረገማለሁ፣ በሌላው መሐላ አፈርሳለሁ።

ከጁምዓ በኋላ ጨከንኩና ለሸህ «ቃሌን የምሰጠው ነገ እማዬ ቤት፣ ሁለታችሁም ባላችሁበት ብቻ ነው» አልኳቸው። ፊታቸው አመድ መሰለ። ደሴ ስደርስ ለአባም ያንኑ ነገርኳቸው። አባን ሳል ያዛቸው።

እማዬ ምን እንደምታበላ ጨንቋታል። የአንዱን እርድ ሌላው ስለማይበላ ምስር ተወሰነ። አባ «ቅቤ እንዳይገባበት» ብለው ላኩ። ነገ ጾም አይደለም። ምክንያቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ቅዳሜ፣ ጥር 20

መጡ። ሁለቱም ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበው፣ ግራ እጃቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው። እማዬ «ሁለታችሁንም ጎናችሁን ወጋችሁ እንዴ?» አለች። ስለ ከብቱ፣ ስለ አዝመራው፣ ስለ ገራዶ መንገድ ተጠያየቁ። ማዕዱ ቀርቦ አባ ሊባርኩ እጃቸውን ሲያነሡ መጽሐፉ ምስሩ አጠገብ ዱብ አለ።

አባ የሚገቡበት ጠፋቸው። ሸህ አዩትና የያዙትን አውጥተው ከጎኑ አኖሩት።

«ቅቤ ነው» አሉ አባ።

«አይጥ ነው» አሉ ሸህ።

ሳቃቸው መጣ። እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። እማዬ ግን አልሳቀችም። «የባሌን ለቅሶ እንኳ በየተራ የደረሳችሁት ለዚህ ነው?» አለች። ሁለቱም አቀረቀሩ።

ቆይተው ወደኔ ዞሩ፤ ማንን መረጥክ? አፌን ሳልከፍት አባ «እርስዎ ይውሰዱት» አሉ። ሸህ «የለም፣ እርስዎ» አሉ። ያ ሁሉ ሽሚያ ቀርቶ ወሳጅ አጣሁ። ቀትሩም አልፏል፤ ጫማው ቀረ።

ሲነሡ ሸህ ብራናውን ያዙ። «አልጨረስኩትምና እንደገና ልዋሰው።» አባም ወደ ከዋክብቱ እጃቸውን ዘረጉ። እንዴት እንደደፈርኩ አላውቅም፣ ሁለቱም መጽሐፍ ላይ እጄን ጫንኩ።

«ሳይጠገኑ አይወጡም» አልኩ። «ብራና መስፋት ከአባ እማራለሁ፣ ወረቀት መጠገን ከሸህ። ሲያልቅ ስማችሁን ጽፌ፣ የመመለሻ ቀን ቆርጬ አውሳችኋለሁ።»

«የእርስዎ እህት ልጅ ነው» አሉ ሸህ።

«ኧረ የእርስዎ ወንድም ልጅ ነው!» አሉ አባ።

እሑድ፣ ጥር 21

አባ ከቅዳሴ በቀጥታ መጡ። «እንዲያው ሥዕሉን ለአፍታ ልየው» አሉ። በሩ ላይ ቆሜ «አልደረሰም» አልኳቸው። አጎቴን! ቄሱን! ያውም በማርያም ቀን!

ትክ ብለው አዩኝና ዞረው ሄዱ። ተቀይመው ይሁን ኮርተው አላወቅኩም። መጽሐፉ ግን እዚህ ነው።