አሥራ ሁለቱ ቃላት

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

እንደምን ከርመሃል? እኛ ናፍቆትህ ካልሆነ በቀር ደህና ነን፤ የስፌት ሥራውም አልቀዘቀዘም።

በስልክ ያስገባኸኝ የብሎክቼይን፣ ማለትም የዲጂታል ገንዘብ መማማሪያ፣ ቡድን ብዙ አስተማረኝ። በግል መልእክት «ልርዳሽ» የሚለኝን ሁሉ ሌባ ነው ብዬ አግደዋለሁ፤ ጥያቄዬን ሁሉም በሚያየው ገጽ ላይ እጠይቃለሁ። የዲጂታል ገንዘባችንን ሂሳብ መክፈቻ፣ አሥራ ሁለቱን የሚስጥር ቃላት፣ ስልክ ላይ አታስቀምጡ ሲሉን ግን ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ እማዬን በቃል አስጠናኋት። የአርባ ደንበኛ ልክ ያለ ደብተር በጭንቅላቷ ይዛ ስትቆርጥ የኖረች ሴት አይደለች እንዴ!

ባለፈው ሳምንት ስጠይቃት ሰባተኛው ላይ ቆም አለችና «የማሽኑ ዘይት አልቋል» ብላ ወሬ ቀየረች። ለሂሳቡ አታስብ፤ ስልኬ ላይ ክፍት ስለነበር ወዲያው በአዲስ ቃላት ወደሚከፈት ሌላ ሂሳብ አዛውሬዋለሁ።

ቡድኑ ውስጥ ሁሌ የሚሉት ነገር ነው የገባኝ፦ አንድ ሰው ብቻ የያዘው መዝገብ ይጠፋል፣ ብዙ ሰው ከያዘው አይጠፋም። ስለዚህ የደንበኞቹን ልክ እሷ እየነገረችኝ ደብተር ላይ እየገለበጥኩ ነው። መሳቢያዎቹ ላይ ውስጣቸው ያለውን ጽፌ ለጥፌያለሁ። የካፖርቷን ገበር ስቀይር ስልክ ቁጥሬን ከውስጥ ጠለፍኩበት፤ ለዳቦ ሻጩና ለጎረቤቶቻችንም ሰጥቻቸዋለሁ። ማሽኗን አዙሬ ከእኔ ፊት ለፊት አድርጌዋለሁ። ሱቁን አልዘጋም፤ እሷም ሥራ አታቆምም።

ሰላምህ ይብዛልን።
ታናሽ እህትህ

ሳልረሳው፦ እሑድ ስትደውል እንደ ልማድህ «እስቲ ማን ነኝ?» እያልክ አትቀልድባት። መጀመሪያ ስምህን ንገራት።