የእኔ ቀይ ነጥብ በእናንተ መፍቻ ላይ

ነጌሌ ቦረና
መጋቢት 2009 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ዳባሶ ጂሎ
የ«ጎዳና» ብስክሌተኞች መረዳጃ ማኅበር ሊቀመንበር

ክቡር ሊቀመንበር፣

በቅድሚያ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰው ሁሉ የሚያደንቀው የማስታወስ ችሎታዎ ደህና ነው ወይ? ቤተሰብዎ፣ ከብትዎ፣ የሚጠብቁት ዝናብ ሁሉ ደህና ይሁን። በአገራችን ደንብ ስለ ሰላም ሳይጠያየቁ፣ «ናጋ» ሳይባባሉ ወደ ጉዳይ መግባት ነውር ስለሆነ፣ ናጋ ለእርስዎ፣ ናጋ ለቢሮዎ፣ ናጋ በቢሮዎ ጥግ ለቆመው የመስታወት ቁምሳጥንም ይሁን። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ትንሽ ያመመው ስሜ ብቻ ነው።

ጉዳዬን በአደባባይ ለመጻፍ የደፈርኩት ክብርዎን ለመንካት አይደለም። ሁለት ጊዜ በአካል መጥቼ ሁለቱንም ጊዜ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስለተባልኩ፣ ስብሰባውን ላለማቋረጥ ብዬ ነው። አንዱ ቅጂ በማኅበሩ ሰሌዳ ላይ፣ ሌላው የብስክሌት ዕቃ በምትሸጠው በፉዚያ ሱቅ በር ላይ ተለጥፏል፤ ከስብሰባ ሲወጡ በሚቀርብዎ በኩል ያንብቡት።

እርስዎ ቢረሱኝም አንባቢ እንዲያውቀኝ ያህል፣ እኔ በጦር ካምፑ የመኪና ጥገና ክፍል ያገለገለው የሟቹ የሃምሳ አለቃ ወልደገብርኤል ባለቤት ነኝ። ብስክሌት መጠገንን ከእርሱ ተምሬ፣ ከካምፑ ጀርባ ባለው ግቢያችን ከግራሯ ሥር የጎረቤቱን ሁሉ ብስክሌት ስፈታና ስገጥም ኖሬያለሁ። መሣሪያ አልሸጥም። ሰው ግን ከገበያ መፍቻም ይሁን ፒንሳ ሊገዛ ሲያስብ ከነጋዴው በአደራ ተቀብሎ ወደ እኔ ያመጣዋል፤ እፈትነዋለሁ፤ ጥሩ ከሆነ እጀታው ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም አንዲት ነጥብ አደርግለታለሁ፤ ካልሆነ ነጋዴው ሻዩን ሳይጨርስ እንዲመልስለት እነግረዋለሁ። አሥራ ስምንት ዓመት እንዲህ ቆየን። ስለዚህ ያቺ ነጥብ ጌጥ አይደለችም፣ ቃሌ ናት።

ባለፈው ጥቅምት ማኅበሩ ለእያንዳንዱ አባል ቤት የብስክሌት መጠገኛ መሣሪያ ለማደል ሲወስን፣ እርስዎ ግቢዬ ድረስ መጥተው ዱካ ላይ ተቀምጠው «እታለም፣ አንቺ ያልዳሰስሽውን አንገዛም» ማለትዎን አልረሳሁም። ደስ አለኝ፤ መዋሸት አልችልም። እኔ ተናገርኩ፣ እርስዎም እንደ ጥሩ ተማሪ በደብተርዎ ጻፉ።

ለቤት የሚያስፈልገው መሣሪያ ብዙ አይደለም አልኩዎት። ስምንት፣ አሥር፣ አሥራ ሦስትና አሥራ አምስት ቁጥር መፍቻ ይበቃል፤ አሥራ አምስቷ በፔዳሉ ጎን ስለምትገባ ስስ ትሁን። አፉን እያሰፋና እያጠበበ ለሁሉም እሆናለሁ የሚለውን መፍቻ አይግዙ፣ ለሁሉም የሚሆን ለማንም በደንብ አይሆንም። ገበያ ሲሄዱ ኪስዎ ውስጥ ዳዶ ይያዙ፤ መፍቻው ዳዶው ላይ ገብቶ ከተወዛወዘ ማዕዘኑን ልጦ ክብ ያደርገዋልና ይመልሱት። ፒንሳውን ዘግተው ወደ ፀሐይ ያሳዩት፤ በጥርሶቹ መካከል ብርሃን ካለፈ ቀጭን ሽቦ አይዝም። የጎማ ማውጫው ጠርዝ ጣት የሚቆርጥ ከሆነ የውስጥ ጎማውንም ይቆርጣል። የፓምፑ ቆዳ ዘይት የሚጠጣ እውነተኛ ቆዳ ይሁን፤ ፕላስቲክ በእኛ ፀሐይ አንድ በጋ አይሻገርም። ብልጭልጩን ደግሞ በጥፍርዎ ፋቅ ያድርጉት፤ ከተላጠ ለሰርግ ቤት እንጂ ለብስክሌት አይሆንም። ይህን ሁሉ ጽፈው መልሰው አነበቡልኝ፤ አንድ ቃል አልተሳሳቱም።

ሲነሡ ለነጋዴው የሚያሳዩት ናሙና ጠየቁኝ። እኔም አንዳንዱን ከባሌ የወረስኩትን፣ አንዳንዱን ከሞያሌ መንገድ ሾፌሮች እየለመንኩ በየዓመቱ አንድ አንድ ያስመጣሁትን አሥራ አንዱን መሣሪያዬን፣ ባሌ በእጁ በሰፋው የሸራ ከረጢት ከትቼ ሰጠሁዎት። «ለአንድ ሳምንት ብቻ» ብለው ነበር። ያ ሳምንት ይኸው መጋቢት ደረሰ፤ እንዲህ ያለ ረጅም ሳምንት ስለሰጡን አመሰግናለሁ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል የሚባለውን ሰምቼ ነበር፤ ደጃፉ የእኔ መሆኑን ግን የነገረኝ አልነበረም።

መሣሪያው የታደለ ጊዜ እኔ ቦሬ ለቅሶ ሄጄ ሁለት ሳምንት ቆይቼ ነበር። ስመለስ ያገኘሁትን ከምስጋና ጋር በተራ ቁጥር እነሆ።

አንደኛ፣ ስለ መሣሪያዎቹ ጥራት። «አይግዙ» ያልኩዎትን ሁሉ አንድም ሳያስቀሩ መግዛትዎ ምን ያህል በጥሞና እንዳዳመጡኝ ያሳያልና ልቤ ተነክቷል። አሥራ ሦስት ቁጥሩ መፍቻ በመጀመሪያው ዳዶ ላይ አፉን ከፈተ። ካቻቢቴው በእጄ ላይ እንደ ጧፍ ተጣመመ። የፒንሳው ሁለት መንጋጋ ግን እንደተኳረፉ ባልና ሚስት ፊት ለፊት መተያየትን እንቢ አለ። ብልጭታው በርግጥ እጅግ ያምራል። የዋጋው ልዩነት ወዴት እንደሄደ አልጠይቅም፤ ሒሳብ መርማሪ አይደለሁም፣ የመጣሁበትም ጉዳይ እርሱ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ለእኔ ስለተደረገው ክብር። በእያንዳንዱ እጀታ ላይ ቀይ የጥፍር ቀለም ነጥብ አገኘሁ። የእኔ ጠርሙስ ከመደርደሪያዬ አልወረደም፤ ሞቼ ቢሆን ኖሮ ለመታሰቢያዬ ነው ባልኩ። በሕይወት ስላለሁ ግን ምን ልበለው?

ሦስተኛ፣ ስለ ዓብዱሰመድ። ከቤተሰቡ ዳቦ ቤት ጠዋት ጠዋት ዳቦ በብስክሌት ጭኖ በካምፑ ዙሪያ ላሉት ሱቆች የሚያደርሰውን ዓብዱሰመድን ያውቁታል፤ እርስዎም የሚበሉት የእርሱን ዳቦ ነው። በታደለው መፍቻ የኋላ ጎማውን ዳዶ ያጠበቀ መስሎት ወጣ። መፍቻው ግን ዳዶውን ላጠው እንጂ አላጠበቀውም ነበር። ወደ ወደራ በሚወስደው መንገድ ቁልቁለቱ ላይ ጎማው ከቦታው ሸሸ፤ ዳቦው አፈር ላይ፣ እርሱም ዳቦው ላይ ወደቀ። ቀኝ አንጓው ተሰብሯል። ልጠይቀው ስሄድ ቢቆጣኝ፣ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ያለኝ ግን እንዲህ ነው፦ «አዴ ዓለሚቱ፣ አንቱ ቀዩን እንዳደረጉበት አይቼ እኮ ነው ጠብቋል ብዬ የወጣሁት።» ሚስቱ መሊካ በየበዓሉ ቤቷ ሳትጠራኝ የማታልፍ ሴት ነበረች፤ አሁን መንገድ ላይ ስታየኝ በሌላው በኩል ትዞራለች። ፉዚያ እንደነገረችኝ ደግሞ ሰዎች ከዓመታት በፊት እኔ በእውነት ያደረግኳቸውን ነጥቦች ሳይቀር በምላጭ እየፋቁ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት የጠበቅኩት ቃል በየቤቱ በምላጭ እየተፋቀ ነው፣ ክቡር ሊቀመንበር፤ ይህን እርስዎ ቢሰሙት ምን እንደሚሰማዎ ማወቅ እወድ ነበር።

አራተኛ፣ ስለ ቁምሳጥኑ። ባለፈው ወር ከያቤሎ የእህት ማኅበር እንግዶች ሲመጡ እኔም ከቢሮዎ መስኮት ውጪ ቆሜ ነበር። አሥራ አንዱ መሣሪያዎቼ በመስታወት ውስጥ ተደርድረው፣ በላያቸው «ማኅበራችን ለአባላቱ ያደላቸው መሣሪያዎች» የሚል ጽሑፍ ተሰቅሎላቸው አየሁ። እንግዶቹ ስለ ቀይዋ ነጥብ ሲጠይቁ «የማኅበራችን የጥራት ምልክት ናት» ብለው ሲመልሱም ሰማሁ። ባሌ የሰፋው ከረጢት በማስጌጡ ሥራ አልተረሳም፤ የመስታወቱ አቧራ የተወለወለበት እርሱ ነበር።

ክቡር ሊቀመንበር፣ እስከዚህ ድረስ በአንቱታ መጥቻለሁ፤ አንዴ ብቻ እንደ ድሮው ይፍቀዱልኝ።

ዳባሶ፣ በወደራ መንገድ ያለው ትምህርት ቤት መምህር ሳለህ፣ ካቴናህ ተበጥሶ ብስክሌትህን እየገፋህ ስትመጣ ማን ነበር የሚቀጥልልህ? እየቀጠልኩልህ «እታለም፣ አንቺ ባትኖሪ በእግሬ ነበር የማስተምረው» ትለኝ አልነበረም? የወልደገብርኤልን አስከሬን ከተሸከሙት አንዱ አንተ ነህ። ያቺ ነጥብ በዚህ ከተማ ምን ያህል እንደምትታመን ከማንም በላይ የምታውቀው አንተ ነህ፤ ስለምታውቅ ነው የሰረቅካት። ሌላ ሰው አድርጎት ቢሆን ሌባ ብዬው እተኛ ነበር። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይላሉ፤ እኔን የጣለኝ ፈረስ ግን በጠገንኩለት ብስክሌት የሚሄድ ነው። አዝኛለሁ፣ ዳባሶ። በጣም አዝኛለሁ።

ይቅርታ፣ ወደ ክብርዎ ልመለስ። የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው፣ መሣሪያዎቼና ከረጢቴ ይመለሱልኝ፤ ከረጢቱን ማጠብ አያስፈልግም፣ ራሴ አጥበዋለሁ። ሁለተኛው፣ የፊታችን እሑድ በጠቅላላ ስብሰባው ላይ ዓብዱሰመድና መሊካ ባሉበት ተነሥተው «ቀዩን የቀባነው እኛ ነን፤ ዓለሚቱ አላየችውም» ይበሉ። ስድስት ቃል ብቻ ነው። እርስዎ ከዚህ የረዘመ ንግግር ያለ ወረቀት እንደሚያደርጉ ሁላችንም እናውቃለን። ካሳ አልፈልግም፤ የምስጋና ወረቀትም እንዳይሰጡኝ አደራ።

ጤናዎን አብዝቶ፣ ወንበርዎን አጽንቶ፣ የወንበርዎን ብሎኖች ግን ማኅበሩ ባደለው መፍቻ ከመጠበቅ ሰውሮ ያኑርልዎ እያልኩ፣ በግራሯ ሥር ባዶ እጄን ተቀምጬ ምላሽዎን በትሕትና የምጠብቀው፣

ስሟን ለናሙና ያልሰጠችው
ዓለሚቱ ወልደሚካኤል

ማስታወሻ፦ ይህን ፈርሜ ሳበቃ የማኅበሩ ጥበቃ አብዱባ መጣ። ማክሰኞ ሌሎች እንግዶች ስለሚመጡ ቁምሳጥኑ ሊከፈት ሲፈለግ፣ የመዝጊያው ብሎን ባለፈው በማኅበሩ ካቻቢቴ ሲጠብቅ ራሱ ተልጦ ኖሮ አልከፈት ማለቱን ነገረኝ። አብዱባ ሐቀኛ ሰው ስለሆነ የላኩትን ቃል ሳይጨምር ሳይቀንስ አደረሰልኝ፦ «ሊቀመንበሩ፣ ያደልነውን ባለ ቀይ ነጥቡን እንዳታመጣ፣ የአዴ ዓለሚቱን የራሷን ካቻቢቴ ለምነህ አምጣ ብለውኛል።» እንግዲህ እሑድ ተነሥቶ መናገሩ ከከበደዎ ግድ የለም፤ ምስክርነትዎን በአብዱባ አፍ ሰጥተዋል፣ እኔም ለሕዝብ ጽፌዋለሁ። ካቻቢቴዬን ግን ልልክልዎ ባለመቻሌ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ያለችው ቁምሳጥኑ ውስጥ ነው፣ ከላይኛው መደርደሪያ፣ ከፒንሳው አጠገብ።